ሐዲድ ላይ የታሰረ ጊታር

የእናቴ የልብስ ሣጥን ዛሬ እኔ ቤት ነው ያለው። ፊቱ ላይ የድስት ክዳን የሚያክል ክብ ቀዳዳ አለው። እንግዳ ገብቶ ከተቀመጠ ዓይኑ ከዚያ ቀዳዳ አይነቀልም፤ ሳይጠይቅም አይሄድም። እናቴ በሕይወት ሳለች መልሷ አንድ ነበር። "ልጄ ነው፤ ድምፅ ላወፍር ብሎ ነው" ትላለች። ሌላ ማብራሪያ የለም። እንግዳውም ከጎፈሬዬ እስከ ጫማዬ አንድ ጊዜ ያየኝና "እግዜር ይማርልሽ" በሚል ፊት ወደ ሻዩ ይመለሳል። አሁን ጎፈሬው የለም፤ ቀዳዳው ግን አለ። ስለዚህ ስሜን ማጽዳት ባልችል እንኳ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። ግቢያችንን ከሐዲዱ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ዕቃ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ እየተንቀጠቀጡ ወደ ጠርዙ ይጓዛሉ፤ እናቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ቦታቸው ትመልሳቸዋለች። እኔ ክር ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ጊታር ተጫዋች። በሰፈሩ ግን ከጊታሬ ይልቅ የሚታወቀው ጎፈሬዬ ነው።

አባቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ወልዴ የሚላቸው፣ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ሞተር ውስጥ ከትተው ኖረዋል። ሞተር ሲታመም አባባ ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣሉ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለችው አጥንት ላይ ያሳርፉታል። ድምፁ በብረቱ አልፎ በአጥንቷ በኩል ይገባላቸዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ "ሦስተኛው ፒስተን ያለቅሳል" ይላሉ። ይከፈታል፤ ሦስተኛው ፒስተን እውነትም ሲያለቅስ ይገኛል። እንዲህ የሌላውን በሽታ ሲያዳምጡ የራሳቸው ጆሮ ቀስ በቀስ ተበላ። ለጡረታ ሲቃረቡ እናቴ እራት መቅረቡን የምትነግራቸው ትከሻቸውን ነክታ ነበር።

እኔን ያስቸገረኝ ይኸው ነው። እሑድ ጠዋት ጊታሬን ይዤ ስቀመጥ አባባ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ጣቶቼን ያያሉ። እኔ አንድ ዘፈን ከነመግቢያው፣ ከነአዝማቹ ተጫውቼ፣ ላቤን ጠርጌ ቀና ስል፣ በደግነት ራሳቸውን ይነቀንቁና "ጎበዝ። መቃኘቱን ስትጨርስ ንገረኝ" ይላሉ። ሌላ ዘፈን እጨምራለሁ። "አሁንም እየቃኘህ ነው?" ይላሉ። ሲቃኝ የሚኖር ልጅ ያላቸው መስሏቸው፣ እሱንም ታግሠው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና እኔን ወደ ጎን ጠራኝ። "ቀጭን ድምፅ ከእንግዲህ የለም፤ ሄዷል። ወፍራሙ ጥቂት ቀርቷል። እሱም ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም" አለኝ። ወደ አቃቂ ስንመለስ አባባ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። የቀረችው ወፍራም ድምፅ ከማለቋ በፊት አባቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ዘፈን ብቻ ሊሰሙኝ ይገባል። ጊታሬ መወፈር አለበት።

ችግሩ አምፕሊፋየሬ ነው። የገዛሁት ዕቃውን ሸጦ አገሩ ሊገባ ከተነሣ አንድ የሳሪስ ግሪክ ነበር። ያኔ አምፕሊፋየር የሚሠራው በአምፖል ነው፤ የቤት መብራት አይደለም፣ የጣት ቁመት ያላቸው ጠርሙስ መሳይ መስታወቶች ናቸው። ማብሪያውን ትጫኑና ሆዳቸው እንደ ፍም እስኪቀላ ትጠብቃላችሁ፤ ሳይሞቃቸው አይተነፍሱም። የእኔዎቹ ግን ሞቋቸውም የሚያወጡት ድምፅ ቀጭን ነው። እናቴ መጀመሪያ የሰማችው ቀን "ይሄ ነገር ውስጡ የታመመ ትንኝ አለ እንዴ?" ብላ በስተኋላው አይታዋለች።

ምክር ፍለጋ ጋሽ ታዬ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ታዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ የባቡሩን የስልክ መስመር የሚጠግኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሰፈሩን ራዲዮ ሁሉ የሚፈቱ ሰው። ከፈቱት ውስጥ የገጠሙትም አለ። ቤታችን መጥተው አምፕሊፋየሩን እንደ ሐብሐብ በጣታቸው አንኳኩት።

"ሆድ የለውም" አሉ። "ድምፅ የሚወጣው ከሆድ ነው። ቀጭን ቄስ ወፍራም ድምፅ ሲያወጣ አይተህ ታውቃለህ?"

አይቼ አውቅ ነበር፤ የደብራችን መሪጌታ እንደ መቋሚያቸው ቀጥ ያሉ ቀጭን ናቸው፣ ሲያዜሙ ግን መስኮት ያንቀጠቅጣሉ። ታላቅ ሰው ሲናገር ግን አይመለስምና ዝም አልኩ። በኋላ ከደረሰብኝ አብዛኛው የመጣው ከዚያ ዝምታ ነው።

"ስፒከሩን አውጣና ትልቅ ሣጥን ውስጥ አስገባው" አሉኝ። "ወፍራም እንጨት ይሁን።"

ቤታችን ውስጥ ወፍራም እንጨት ያለው ሣጥን አንድ ብቻ ነው። እናቴ እኅቷን ልትጠይቅ ሳሪስ በሄደችበት ልብሶቿን አውጥቼ አልጋው ላይ በሥርዓት አጥፌ ደረደርኩ፤ ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ። ከዚያ መጋዝ አነሣሁ። እናቴ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ሣጥኗን አየችው፤ ስፒከሩም በቀዳዳው በኩል እሷን አያት።

"በዚህ በኩል ምን ሊወጣ ነው?" አለችኝ።

"ወፍራም ድምፅ።"

"ልብሴስ በየት በኩል ይግባ?"

እውነቱን ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውን፣ አባባ እንዲሰሙኝ እንደምፈልግ። ልብሶቿን በአንድ ያረጀ ነጠላ ቋጠረችና አልጋ ሥር ከተተቻቸው። ከዚያ ሣጥኑን አንድ ጊዜ ዞራው፣ "ቀድመህ ብትነግረኝ እኮ ጀርባውን ነበር የምትቀደው" አለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ድምፁ ትንሽ ወፈረ፤ አባባ ዘንድ ግን አልደረሰም። "አሁንም እየቃኘህ ነው?" አሉ፤ ሣጥኑንም በአድናቆት አዩት። ጋሽ ታዬ ተመልሰው መጡ። አሁን ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ሆነ። ኮንደንሰር ማለት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም እንደ ባትሪ ድንጋይ ያለ ትንሽ ቆርቆሮ ነው።

"ይሄ ትንሹ ኮንደንሰር እንደ በር ነው" አሉ ጋሽ ታዬ። "ጠባብ ነው፤ ወፍራም ድምፅ አያሳልፍም። ትልቅ እንግጠምለት። አሮጌውን ንቀለው፤ እኔ ከቤት ትልቁን ይዤ ልምጣ።"

ሶኬቱን ነቀልኩ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ተነቅሏል። እጄን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣራውን ነው። ጋሽ ታዬ ተመልሰው ሲመጡ ያገኙኝ አልጋው ሥር፣ የእናቴን የልብስ ቋጠሮ አቅፌ ነበር።

"ነቅዬዋለሁ እኮ፣ ጋሽ ታዬ" አልኳቸው፣ ምላሴ ሲታዘዝልኝ።

"ኮንደንሰር እንደ ዘመድ ነው" አሉ እየተቀመጡ። "ብትለየውም ቂሙን ይይዛል። አልነገርኩህም እንዴ?"

አልነገሩኝም። ቀኝ እጄ ሁለት ቀን ስለ ደነዘዘ ፋብሪካ በግራ እጄ መጻፍ ጀመርኩ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ጽሕፈቱን አይተው "አዲሱ ልጅ ከአንተ ይሻላል" አሉኝ።

ትልቁ ኮንደንሰር ገባ። ጋሽ ታዬ ከሞተ ራዲዮ ያወጡትን አንድ ትልቅ አምፖልም ጨመሩበት። ወፍራሙ ድምፅ እውነትም መጣ። ግን ብቻውን አልመጣም፤ ጊታሩን ሳልነካው ሣጥኑ ራሱ "እምምምም" ይላል። ወለሉ ይነዝራል፣ ብርጭቆዎቹም ያለ ባቡር ጉዞ ጀመሩ። በየጠዋቱ ወተት የምታመጣልን ጫልቱ በር ላይ ቆማ ጆሮዋን ሰጠችና "አካም፣ ንብ ማነብ ጀመራችሁ?" አለች። በማግሥቱ ወተቱን አጥሩ ላይ ሰቅላልን ሄደች።

አባባ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸው ሥር ያለው ወለል ሲነዝር ተሰማቸው። ሰዓታቸውን አወጡ። "ዕቃ ባቡሩ መጣ" አሉ። ቆዩ፤ ንዝረቱ አያቆምም። ሰዓቱን እንደገና አዩ። "ምን ዓይነት ረጅም ባቡር ነው?" አሉ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ተስፋ አደረግሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከእኔ ሣጥን የወጣ ነገር አባቴ ዘንድ ደርሷል። አሁን የሚቀረኝ ንዝረቱን አጥፍቶ ዘፈኑን ማስቀረት ብቻ ነው።

"ምድር ይፈልጋል" አሉ ጋሽ ታዬ። "አንድ ሽቦ ከጀርባው አውጣና ምድር አስነካው፤ ትርፉን ንዝረት ምድር ትጠጣዋለች።" ይህን ብለው መስመር ሊጠግኑ ለሳምንት ወደ ታች ወረዱ።

አንድ ትልቅ ሚስማር ግቢው ውስጥ ቀብሬ ሽቦውን አሰርኩበት። መሬቱ ደረቅ ስለ ነበር ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁት። በአራተኛው ቀን እናቴ "ሲበቅል ንገረኝ፣ እኔም ማማሰያ እተክላለሁ" አለችኝ። ንዝረቱ አልቀነሰም።

ጊዜ አልነበረኝም። የመጪው እሑድ የአባባ የጡረታ ምሳ ነው፤ የባቡር ሰዎች ሁሉ ቤታችን ይመጣሉ፣ እኔም ያን ቀን ልጫወትላቸው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሚስማሩን እያየሁ ቁጭ ብዬ ሳስብ በአጥሩ በኩል ሐዲዱ ሲያብለጨልጭ ዓይኔን ወጋው። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም አልኩ። አንድ ስንዝር ሚስማር አጠጣለሁ፣ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ባሕሩ ድረስ ምድር ላይ የተኛ ብረት አለ። ከዚህ የሚበልጥ ምድር የት ይገኛል? የሰው ሞኝነት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙም አይጎዳም፤ ሲያስብ ነው የሚጎዳው።

እሑድ ጠዋት የመንገደኛው ባቡር እንዳለፈ ሽቦዬን በቅንጭቡ ሥር አሹልኬ አሻገርኩ። ሐዲዱ ሥር አሳልፌ፣ በላዩ አዙሬ ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩት፤ እንዳይታይም ጠጠር አለበስኩት። ገባሁና አምፕሊፋየሩን አበራሁት። ንዝረቱ የለም። አንድ ጊዜ ክሩን ነካሁ። ሣጥኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ወፍራም አድርጎ መለሰልኝ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ እናቴን አቀፍኳት፤ ሽንኩርት እየከተፈች ስለ ነበር እሷም እያለቀሰች አቀፈችኝ። አምፖሎቹ እንዳይደክሙ እስከ ምሳ አጠፋሁት።

እንግዶቹ መጡ። የባቡር ሰዎች ሲያወሩ ሞተር አጠገባቸው የተነሣ ይመስላቸዋል፤ ቤታችን በጩኸት ሞላ። በክብር ወንበር የተቀመጡት የጣቢያው ሹም ናቸው፣ ሠራተኛው ሁሉ በፈረንሳይኛው "ሼፍ" የሚላቸው። ጋሽ ታዬም ከመስመር በቀጥታ መጥተው ነበር። ምሳ ተበላና ሼፍ ወረቀት አውጥተው ቆሙ። ለአባባ አዲስ የኪስ ሰዓት ከሰጡ በኋላ ንግግር አደረጉ። የሚያስለቅስ ንግግር ነበር። "ከመካከላችን በድንገት ቢለየንም ሥራው ከመቃብር በላይ ይኖራል" የሚል ነበረበት። እናቴ አነባች። እኔ "በድንገት" የምትለዋ ትንሽ ከነከነችኝ፤ አባባ ጡረታቸውን አምስት ዓመት ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ቢሆንም ሼፍ የተማሩ ሰው ናቸው ብዬ ተውኩት። አባባ አንዲት ቃል ሳይሰሙ በየመካከሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። የአባባን ወንበር ከሣጥኑ ፊት አስጠጋሁት። አምፖሎቹ ፍም እስኪመስሉ ቆሜ ጠበቅሁ። የመጀመሪያውን ምት መታሁ። ብርጭቆው ነዘረ፣ የአባባ ቅንድብ ወደ ላይ ተነሣ። ጎንበስ አሉ። ሁለተኛውን መታሁ። ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ።

ሣጥኑ በዚህን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዱከም፣ ዱከም፣ አቃቂ ነኝ" አለ።

እኔ እጄን ከክሩ ላይ አነሣሁ። ሣጥኑ ግን ቀጠለ።

"አቤት አቃቂ። ሼፍ አሉ?" የሚል ሌላ ድምፅ ከዱከም ጣቢያ መለሰ።

"የሉም። ጋሽ ወልዴ ቤት ለጡረታው ምሳ ሄደዋል። እኔን ለተረኛነት ጥለውኝ።"

ድምፁን ሁሉም አወቀው። አሰግድ ነው፣ የሼፍ ጸሐፊ። ጣቢያው ውስጥ ብቻውን ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ከሁላችንም ፊቱ የተለወጠው ጋሽ ታዬ ነበሩ። ቀስ ብለው ወደ ሣጥኑ ኋላ ሄዱ፣ ሽቦውን በዓይናቸው ተከተሉት፣ ወደ መስኮቱ ደረሱ። "የጣቢያው ስልክ አንድ እግሩ ሽቦው ላይ ነው፣ ሌላው እግሩ ሐዲዱ ላይ" አሉ ለራሳቸው። "ይሄ ልጅ ከስልኩ እግር ጋር አስሮታል።"

"ምግቡን ይልኩልኛል ብለህ ነው?" አለ ዱከም በሣጥኑ ውስጥ።

"የት ይልካሉ። ባለፈው ሠርግ ጊዜም 'አሰግድ፣ ድርሻህን ይዤልህ እመጣለሁ' ብለው አጥንት ይዘውልኝ መጡ። እሱም የተጋጠ።"

እንግዶቹ አንድ በአንድ ወደ ሼፍ ዞሩ። ሼፍ የያዙትን ጥብስ ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት።

"ንግግሩንስ በደንብ አነበቡት ይሆን?" አለ ዱከም።

"እንጃ። ጊዜ አልሰጡኝም፤ አዲስ መጻፍ አልቻልኩም። ለዚያ ባለፈው ለሞተው ሹፌር ቀብር የጻፍኩትን ነው የሰጠኋቸው። 'ነፍሱን ይማር' የምትለዋን ብቻ አውጥቼ።"

እናቴ እንባዋን መጥረግ አቆመች። ሼፍ ተነሡና ሣጥኑ ፊት ተንበርክከው ወደ ቀዳዳው ጮኹ። "አሰግድ፣ ስልኩን ዝጋ። እየተሰማ ነው።"

"ሼፍ፣ እሱ ይናገራል እንጂ አይሰማም" አሉ ጋሽ ታዬ በአክብሮት። እንደዚያ ያሉ አለቆች ስለማውቅ በሣጥኑ አልፈረድኩበትም።

"ለማንኛውም" አለ አሰግድ ተረጋግቶ፣ "ዕቃ ባቡሩ ተነሥቷል?"

"ተነሥቷል። መስመሩ ክፍት ይሁን።"

ጋሽ ታዬ በርግገው ወደ እኔ መጡ። "አንተ፣ ሽቦውን ሐዲዱ ላይ እንዴት አድርገህ ነው ያሰርከው?"

"ጠምጥሜ" አልኩ።

"በሥሩ?"

"በሥሩም፣ በላዩም።"

ሼፍ "ባቡር የሚሄድበት ላይ?" ብለው ጠየቁኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቁም። ወጡ። እንግዶቹ ሁሉ ተከተሏቸው። ሃያ የሚሆኑ የባቡር ሰዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ግማሾቹ ጉርሻቸውን ይዘው፣ ሽቦውን እየተከተሉ በአጥራችን በኩል ወደ ሐዲዱ ተሰለፉ። ጫልቱ ከማዶ ሆና ስታይ እንደ ነበር በኋላ ነግራኛለች፤ ንቡ የተነሣባቸው መስሏት ነበር። ሽቦውን ሼፍ በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ ባቡሩም ገና ሩቅ ነበርና የተጎዳ ነገር የለም።

የተጎዳው ቤት ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔም ልረዳ ብዬ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነቀልኩት፤ ማጥፋቱን ግን ረሳሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ አፈሰስኩ፣ የሚለቀም ግን አልተረፈም። ንዝረቱ ከበፊቱ በሦስት እጥፍ ተመልሶ መጣ፤ ሣጥኑ እየዘለለ ወደ አባባ ተጠጋ። ያ ቂመኛ ኮንደንሰር "ጧ" ብሎ ፈነዳ። ጢስ በቀዳዳው ወጣ። አምፖሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

እንግዶቹ ሲመለሱ ቤቱ በጢስ ታጥኖ፣ እኔ ጊታሬን አንገቱን ይዤ ቆሜ፣ አባባ ደግሞ ከወንበራቸው ሳይነሡ አዲሱን ሰዓታቸውን እያዩ አገኙን። "ዕቃ ባቡሩ ዛሬ ቀደመ" አሉ አባባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በዚያ በለመዱት ደግነት "አሁንም እየቃኘህ ነው?" አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼፍ እንኳ ሳቁ፤ ንግግራቸው ስለ ተረሳላቸው ደስ ብሏቸው ይመስለኛል፣ ስለ ሽቦውም ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላነሡብኝም። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አፈርኩ፤ ግን የቆረጠኝ ሐፍረቱ አልነበረም። ለሁለት ምት ያህል አባቴ ዘንድ ደርሼ ነበር። ቅንድባቸው ሲነሣ አይቻለሁ። ሌላ አምፖል እስካገኝ፣ ሌላ ኮንደንሰር እስካገጣጥም፣ ያቺ የቀረችው ድምፅ ትጠብቀኛለች ወይ? ይህን እያሰብኩ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ከፋብሪካ ስመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የሞተውን አምፕሊፋየር ፈታሁት። ጊታሩ አጠገቤ ተጋድሟል። አባባ ከቤት ወጥተው ቆመው አዩኝ። የተፈታ ነገር ሲያዩ ማለፍ አይችሉም፤ ተመልሰው ገቡና የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። ሥራ ካቆሙ ጀምሮ አልከፈቱትም ነበር። ከውስጡ ያንን ረጅም ካቻቢቴ አወጡ።

"እንዲህ አይፈታም" አሉኝ። "ሞተር ከመፈታቱ በፊት ይደመጣል። አስነሣው እስቲ።"

"አባባ፣ ተቃጥሏል። አይነሣም" ብዬ በእጄ አሳየኋቸው።

"ይኼኛውስ?" አሉ ጊታሩን እያመለከቱ። "ይሄም ተቃጥሏል?"

ጊታሩን አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አባባ ዝቅ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። የካቻቢቴውን ጫፍ እንጨቱ ላይ፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ዝቅ ብሎ አስደገፉት፤ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለችው አጥንት ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አስነሣው" አሉ።

ተጫወትኩ። መጀመሪያ ዝግ ብዬ፣ በአንድ ክር። ፊታቸው ሞተር ሲያዳምጡ እንደሚሆነው ኮስተር ብሎ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላ ሆነ። ያን ፊት አላውቀውም ነበር። ዘፈኑን ከነመግቢያው፣ ከነአዝማቹ ተጫወትኩት። ሲያልቅ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ በነፃ እጃቸው ብቻ "ቀጥል" አሉኝ። ሁለተኛውን ተጫወትኩ፣ ሦስተኛውን። እናቴ ከማጀት ወጥታ፣ በእጇ ቢላዋ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ታለቅሳለች፤ በዚያን ሰዓት ግን ሽንኩርት እየከተፈች አልነበረም።

ስንት ጊዜ እንደ ቆየን አላውቅም። መጨረሻ ላይ አባባ ካቻቢቴውን አወረዱና ጭናቸው ላይ አስተኙት።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትጫወት ነበር?" አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"እኔ ደግሞ አሁንም አልጨረሰም እያልኩ።" አንገቴን በእጃቸው ያዝ አደረጉኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ካቻቢቴውን እንደገና አነሡ፣ በጫፉም ክሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

"አራተኛው ግን ረግቧል፤ ያለቅሳል" አሉ። "ቃኘው።"

ነካሁት። እውነትም ረግቦ ነበር። ቃኘሁት።